ሹመት ይነሳል፤ እንጀራ ግን አይነሳ

የተከበራችሁ የባቱና የአካባቢዋ መራጮች!

ስለ ዐቃብያነ ሕግ የሥራ ዋስትና ስናነሳ «ለሹማምንት ጥብቅና ቆሙ» የሚለን አይጠፋም። ነገሩ ግን የእናንተው ነው። የዝዋይ ማረሚያ ቤት ደጃችሁ ላይ ነው፤ በጻፈው ጽሑፍ በ2007 ዓ.ም. ሦስት ዓመት የተፈረደበት ጋዜጠኛ ተመስገን ደሳለኝ ታስሮበታል። እንዲህ ያለ ፍርድ የሚጀምረው ዐቃቤ ሕግ ክስ ላይ ሲፈርም ነው። ያ ሰው «ማስረጃው አይበቃም፣ አልፈርምም» ቢል በማግስቱ ልጆቹ ምን ይበላሉ?

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515፣ በ2010 ዓ.ም. የተካውም አዋጅ ቁጥር 1064፣ ዳኞችንና ዐቃብያነ ሕግን ከ«መንግሥት ሠራተኛ» ትርጓሜ አውጥተዋቸዋል። ዳኛውን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 ይጠብቀዋል፤ ያለ ዳኞች አስተዳደር ጉባዔ ውሳኔና ያለ ምክር ቤት ይሁንታ ከጡረታ ዕድሜው በፊት አይነሳም። ዐቃቤ ሕጉ ግን እንደ 1991ዱ ደንብ ቁጥር 44 ባለ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲተዳደር ተደረገ። ደንቡን የሚጽፈው ራሱ አስፈጻሚው ነው ማለት ነው!

የላይኛው ወንበርም የተረጋጋ አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 943 የተቋቋመው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2014 ዓ.ም. ዳግም ፍትሕ ሚኒስቴር እስኪሆን ድረስ አቶ ጌታቸው አምባዬ፣ አቶ ብርሃኑ ጸጋዬ፣ ወ/ሮ አዳነች አቤቤና ዶ/ር ጌዲዮን ጢሞቴዎስ ተፈራርቀውበታል። ወ/ሮ አዳነች የቆዩት ከመጋቢት እስከ ነሐሴ 2012 ዓ.ም. ብቻ ነው። ከወንበር ወደ ወንበር ለሚሻገር ፖለቲከኛ ይህ አያስጨንቅም። ከመደበኛ ሥራው ተነስቶ ለተሾመው ባለሙያ ግን መሻር ማለት ባዶ እጅ መቅረት ሊሆን ይችላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ክፉ ብሂል የሚያለመልመው ይኸው ስጋት ነው።

ተሿሚ አይነካ አላልንም። የሾመ ይሽራል። ሆኖም ከመደበኛ የሥራ መደብ የተሾመ ባለሙያ፣ ጥፋት ካልተገኘበት በቀር፣ ሹመቱ ሲያበቃ ወደ ቀድሞ ደረጃውና ደመወዙ ይመለስ፤ አገልግሎቱ ሳይቆረጥ ለጡረታው ይታሰብለት። ከሥራም የሚሰናበት ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው፤ በአንቀጽ 37 መሠረትም ፍርድ ቤት ይይለት። ይህ ሁሉ በደንብ ሳይሆን በምክር ቤት አዋጅ ይደንገግ እንላለን። የባቱ ዐቃቤ ሕግ የሚተዳደረው በክልሉ ሕግ በመሆኑም ለጨፌ ኦሮሚያ የምናቀርባቸው ዕጩዎች ተመሳሳይ ረቂቅ ይዘው ይገባሉ።