በጋምቤላ ስለ ላሞች ወተት መውረድ

በጋምቤላ አገር በባሮና በአኮቦ ወንዞች ዳር ከብት ለሚያረባው ለኑዌር ሕዝብ ወተት ዋና ምግብ ነው፤ ይልቁንም የሕፃናቱ ኑሮ በእርሱ ላይ ነው። በዚያ አገር ላም የምትታለበው ጥጃዋ ቀርቦ ጥቂት ከጠባ በኋላ ነው። ጥጃዋ የሞተባት እንደ ሆነ ቆዳው በገለባ ተሞልቶ ታሸተው ዘንድ በፊቷ ይቀርባል። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በ1940 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ኑዌር ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ልማድ ጽፎታል።

ከሌላ አገር የተሾመ ሰው ይህን ሲያይ ከንቱ ልማድ ይመስለዋል፤ ጥጃው ወተት ይሻማል ብሎም ከእናቱ ፈጥኖ እንዲለይ ለማዘዝ ይቃጣዋል። ነገር ግን ጥበብ ያለው ከእረኛው ዘንድ ነው።

ምክንያቱም ይህ ነው። በላም አንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ አለች። በአንጎል የሚሠራው ኦክሲቶሲን የተባለው ቅመም በዚህች ዕጢ የኋላ ክፍል፥ እህል በጎተራ እንደሚኖር፥ ተከማችቶ ይቆያል። ጥጃው ሲጠባ ስሜቱ በነርቭ ወደ አንጎል ይደርሳል፤ ዕጢዋም ቅመሙን ወደ ደም ትለቃለች፤ ቅመሙም ከግት ደርሶ ወተት የያዙትን ጥቃቅን ከረጢቶች ያስጨምቃል። ኃይሉ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለ ሆነ አላቢው መፍጠን አለበት። ላሟ ብትመታ ወይም ብትደነግጥ ግን አድሬናሊን የተባለው ሌላ ቅመም ይህን ሥራ ያግደዋል፤ ግቷ ሞልቶ ሳለ ወተቷን ትይዛለች። ለወተት ብዙ ዘመን ተመርጠው የተራቡ የአውሮፓ ላሞች ያለ ጥጃ ይታለባሉ፤ የአገራችን ሻኛ ያላት ላም ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥጃዋን ትሻለች።

ቪንሰንት ዱ ቪኞ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ኦክሲቶሲንን በ1953 በላቦራቶሪ ሠርቶ በ1955 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ሆኖም በመርፌ የሚሰጠው መድኃኒት ለሐኪም ሥራ እንጂ ለዕለት አለባ አይደለም።

ስለዚህ ክትባትም ሆነ የከብት ቆጠራ በአለባ ሰዓት እንዳይደረግ፥ ጥጃም በትእዛዝ ከእናቱ እንዳይለይ ሹማምንት ቢጠነቀቁ ይገባል። ወተት እንዲወርድ በላም ብልት በአፍ መንፋት ግን ከብት የሚያስወርደውን በሽታ ወደ ሰው ሊያሻግር ስለሚችል፥ ሕዝቡ በቍጣ ሳይሆን በምክር እንዲተወው ማስተማር ያስፈልጋል። ላም ለጥጃዋ በፈቃዷ የምታወርደውን ወተት በዱላ ማውረድ አይቻልምና።