ግድቡ ተመረቀ፤ ቁጠባው ግን ገና ነው

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ሲመረቅ የመብራት ነገር ከዚህ በኋላ ያለቀለት የመሰለው ሰው ብዙ ነው። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ የገነባች አገር ስለ አምፖል ዋት ትጨነቅ? «ስንት ዓመት ቦንድ ገዝተን፣ አሁንም አጥፉ ልንባል ነው?» የሚል ቅሬታ ቢነሳ አይገርምም። ቅሬታው ተገቢ ነው። ስህተቱ ቁጠባንና ጨለማ ውስጥ መቀመጥን አንድ አድርጎ ማየቱ ላይ ነው።

ቁጠባ ማለት ያንኑ ብርሃን፣ ያንኑ ቅዝቃዜ በትንሽ ኃይል ማግኘት ነው። ግድብ የሌለውም፣ ግድብ ያለውም ይህን ይፈልገዋል።

በግንቦት 2011 ዓ.ም አገሪቱ ወደ ፈረቃ ስትገባ ምክንያቱ ውሃ ነበር። የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ ቀንሶ የ476 ሜጋዋት ጉድለት መፈጠሩ ተነገረ፤ ቤቱም ፋብሪካውም በየተራ ጨለመ። ዛሬ የማመንጨት አቅሙ በጣም አድጓል። ነገር ግን ከጉባ የተነሳ ኃይል ቤት እስኪገባ ድረስ ከፍተኛ መስመሩን፣ ማከፋፈያ ጣቢያውን፣ የሰፈሩን ትራንስፎርመርና ያረጀውን ገመድ ማለፍ አለበት። ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ሁሉም ቤት መብራቱን፣ ምጣዱን፣ ምድጃውንና ቴሌቪዥኑን በአንድ ላይ ሲያበራ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ይሸከማል። ይግላል፣ ይቆርጣል፣ አንዳንዴም ይቃጠላል። ግድቡ ጢም ብሎ ሞልቶም ሰፈር ሊጨልም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ያንን ጭነት ለመቀነስ ትራንስፎርመር ለመቀየር እንደሚጠበቀው ዓመታት መጠበቅ አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ቤት ዛሬ ማታ ሊጀምረው ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ኪስ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ተወስኗል። የቤት ታሪፉ ደግሞ በእርከን የተሠራ ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፣ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ስለዚህ የባከነው ኃይል ወደ ውዱ እርከን የሚገፋው ኃይል ነው።

በአማርኛ ኤሌክትሪክ ማለት መብራት ነው። ምጣዱ ቢቀዘቅዝም፣ ፍሪጁ ቢቆምም የሚባለው «መብራት ሄደ» ነው። ስሌቱም ከመብራቱ ቢጀመር ይቀላል። ባለ ክሩ አሮጌ አምፖል ከሚበላው ኃይል ውስጥ ብርሃን የሚሆነው ከመቶ አምስት እጅ ገደማ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ባለ 60 ዋቱ አሮጌ አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን 9 ዋት ገደማ የሚፈጅ ኤልኢዲ ይሰጣል። አራት አሮጌ አምፖሎችን በቀን አምስት ሰዓት የሚያበራ ቤት በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። አራቱም ኤልኢዲ ቢሆኑ ፍጆታው 5.4 ይሆናል። የዳነው 30 ኪሎዋት ሰዓት የዝቅተኛው እርከን ከግማሽ በላይ ነው።

ይህ ቁጥር በአንድ ቤት ትንሽ ይመስላል። አሮጌውን አምፖል ያልተሰናበቱ አንድ ሚሊዮን ቤቶች አራት አራት አምፖላቸውን ቢቀይሩ ግን፣ ሁሉም በሚያበሩበት የምሽት ሰዓት 204 ሜጋዋት ይድናል። የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ አቅም 184 ሜጋዋት ነው። አንድ ሙሉ ግድብ ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ ብድር፣ ከአምፖል ማሰሪያ ላይ ይገኛል ማለት ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ከ2000 ዓ.ም በኋላ በነበሩት የፈረቃ ዓመታት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች ለደንበኞች ተሠራጭተው ነበር። ፈረቃው ሲያልፍ ግን ወሬውም አብሮ አለፈ። ቁጠባ የችግር ጊዜ ዘመቻ ሆኖ ቀረ፤ የዘወትር ልማድ አልሆነም።

ዛሬ ቆጣቢ አምፖል ለመግዛት የሚወጣ ሰው የሚገጥመው ሌላ ፈተና ነው። በየሱቁ በራፍና በየመንገዱ ዳር የሚሸጠው ርካሽ ኤልኢዲ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዋት የማይሆን፣ በወራት ውስጥ የሚደበዝዝ ወይም የኃይል መዋዠቅ ሲመጣ ወዲያው የሚሞት ሊሆን ይችላል። ደህና የተሠራ ኤልኢዲ 15,000 ሰዓትና ከዚያም በላይ ማገልገል አለበት፤ በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ ስምንት ዓመት ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ተታሎ የገዛ ሰው «ኤልኢዲ አይረባም» ብሎ ወደ አሮጌው ቢመለስ አይፈረድበትም። ገዢው ማድረግ የሚችለው ዋቱን ብቻ ሳይሆን በሉመን የተጻፈውን የብርሃን መጠን ማየት፣ ዋስትና ከሚሰጥ ሱቅ መግዛትና አምፖሉን ሙቀት መውጫ በሌለው የታፈነ ግሎብ ውስጥ አለማስገባት ነው። ከዚያ በላይ ያለው የተቆጣጣሪ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የተከራዩ ጉዳይ ነው። በከተሞች አንድ ቆጣሪ ለሦስትና ለአራት አባወራ ያገለግላል። የእያንዳንዱ ፍጆታ ትንሽ ቢሆንም ሲደመር ግቢው ወደ ውዱ እርከን ይገባል፤ ለድሃው ተብሎ የተቀመጠው ርካሽ እርከን ድሃው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። አንዳንዱ አከራይ ደግሞ በአምፖል ቁጥር ያስከፍላል። ባለ 9 ዋቱም ባለ 60 ዋቱም እኩል የሚከፍሉ ከሆነ ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ውዱን አምፖል የሚገዛበት ምን ምክንያት አለው? ለዚህ ሰው ስለ ቁጠባ መስበክ ቀልድ ነው። መጀመሪያ የራሱ ቆጣሪ ይሰጠው።

በደጋው የምሽቱ ጭነት መብራትና ምጣድ ከሆነ፣ በቆላው ዋናው ነገር በተለምዶ ኤሲ የሚባለው የአየር ማቀዝቀዣ ነው። በድሬዳዋ፣ በሰመራ፣ በጋምቤላ ኤሲ የቅንጦት ዕቃ አይደለም፤ ሕፃን የሚያስተኛ፣ መድኃኒት እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ነው። የሚበላው ኃይል ግን ከአምፖል ጋር አይወዳደርም። ለመካከለኛ መኝታ ቤት የሚሆን አሮጌ ኤሲ 1,200 ዋት ገደማ ይፈጃል። ስምንት ሰዓት ሳያርፍ ከሠራ 9.6 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ከላይ የተጠቀሰው ኤልኢዲ አምፖል በሰባት ወር የሚፈጀውን በአንድ ሌሊት ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ዕቃ ሲቆሽሽ የሚያስከፍለው ዋጋም የዚያኑ ያህል ነው። ማጣሪያው በአቧራ ሲደፈን አየር አያልፍም፤ ክፍሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ሞተሩ እረፍት አያገኝም። የተደፈነ ማጣሪያን በንጹሕ መተካት ብቻ የኤሲውን ፍጆታ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። እንደ ሰመራ አቧራ በበዛበት አገር ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ አውጥቶ በውሃ ማጠብና በጥላ ማድረቅ ያስፈልጋል። ባለሙያ አይጠይቅም፣ ብር አይጠይቅም፣ ሩብ ሰዓት በቂ ነው። ውጭ የሚሰቀለው ክፍልም ሙቀቱን የሚተፋበት ቦታ ይፈልጋል፤ ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ ዕቃ ተደግፎበት ወይም በቆርቆሮ ታፍኖ የሚሠራ ማሽን የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል።

በየከተማው የተለመደ አንድ የተሳሳተ አሠራር አለ፤ በየዓመቱ ጋዝ ማስሞላት። የኤሲ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም፤ በታሸገ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ነው። ጋዙ ካነሰ የሆነ ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍን ጋዝ ሞልቶ የሚሄድ ጠጋኝ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ የሚመጣበትን ሥራ ትቶ ሄዷል። ባለቤቱ «የት ነው የሚያፈስሰው?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

ሌላው ቁጥሩን ወደ 16 ማውረድ ነው። ተራው ኤሲ 16 ላይም 24 ላይም ቢደረግ የሚያቀዘቅዝበት ፍጥነት ያው ነው፤ ልዩነቱ 16 ላይ ሳይቆም መሥራቱ ነው። ህንድ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ የኃይል ደረጃ የተለጠፈባቸው የክፍል ኤሲዎች ሲበሩ 24 ዲግሪ ላይ እንዲነሱ ደንግጋለች። 24 ወይም 25 ላይ አድርጎ፣ በርና መስኮት ዘግቶ፣ መጋረጃ ጥሎ፣ ማራገቢያ ጨምሮ መተኛት ምቾትም ቁጠባም ነው።

ይህ ሁሉ የቤተሰብ ድርሻ ነው። የመንግሥት ድርሻ ከዚህ ይበልጣል። በ2006 ዓ.ም የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 የኃይል ብቃትንና ቁጠባን በሕግ ካስቀመጠ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሕጉ ካለ፣ ሱቅ የገባ ሰው ካርቶኑ ላይ አምፖሉና ኤሲው ምን ያህል እንደሚበላ የሚያምነው ምልክት ማየት አለበት። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2015 በጀመረችው ዘመቻ አምፖል በጅምላ እየገዛች ዋጋውን ከግማሽ በታች አወረደች፤ ከ360 ሚሊዮን በላይ ኤልኢዲ አሠራጨች። ጋና ሌላው ዓለም የጣለውን ኃይል በላተኛ አሮጌ ፍሪጅና ኤሲ እንዳይገባ በሕግ ከለከለች። ሁለቱም ዜጋው አስተዋይ እስኪሆን አልጠበቁም፤ ገበያውን አስተካከሉለት።

«ግማሹ ሕዝብ ጨርሶ መብራት ሳያገኝ ስለ ቁጠባ ማውራት ምን ይባላል?» የሚል ይኖራል። እንዲያውም የቁጠባ ትልቁ ምክንያት እሱ ነው። በአንዱ ቤት በከንቱ የሚሞቀው አምፖል፣ በአቧራ የታፈነው ኤሲ፣ በጠራራ ፀሐይ የሚበራው የመንገድ መብራት፣ በሩ ተከፍቶ ኤሲው የሚሠራበት ቢሮ ሌላው ሰው የሚጠብቀውን ኃይል ነው የሚያባክኑት። የተረፈው ለጅቡቲና ለኬንያ ቢሸጥ እንኳ የሚመጣው ዶላር ነው።

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ግድቡ የተሠራው ከደመወዝ ተቆርጦ፣ ከመቀነት ተፈትቶ በተዋጣ ገንዘብ ነው። እንዲህ የተገኘ ኃይል እንደ መዳብ ሊባክን አይገባም። ቤተሰቡ አምፖሉን ይቀይር፣ ማጣሪያውን ይጠብ። መንግሥት ደግሞ ለተከራዩ ቆጣሪ፣ ለገበያው ደረጃ፣ ለራሱ ቢሮዎችም ማብሪያ ማጥፊያውን የሚጫን ሰው ያዘጋጅ።