ዲግሪው ሌላ፣ ፈቃዱ ሌላ

ቤተሰብ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አብሮ አደጌ ሌሊት ኡበር እየነዳ፣ ቀን ኦንላይን እየተማረ በሳይኮሎጂ ማስተርሱን ያዘ። ሀሳቡ የአገሩን ሰው በአማርኛ ለማከም ነበር። ፈቃድ ሊያወጣ ሲሄድ "በዚህ ዲግሪ አይሆንም" ተባለ። የብድሩ ወለድ ግን ይቆጥራል።

ይህን ስናገር "የርቀት ትምህርት ድሮስ ምን ትምህርት ነው" የሚል አይጠፋም። አይደለም! እርግጥ የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ለሆነ የዶክትሬት ፕሮግራም እውቅና አይሰጥም። ካሊፎርኒያ ያለው ፊልዲንግ ግን የርቀቱን ከገጽ ለገጽ ጋር አጣምሮ በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እውቅና አለው።

ሰው የሚበላው "እውቅና ያለው" የምትለው ቃል ናት። ዩኒቨርሲቲው እውቅና ይኖረዋል፤ ፕሮግራሙ ላይኖረው ይችላል። ለሳይኮሎጂስትነት አብዛኞቹ ግዛቶች ዶክትሬት፣ በባለሙያ ክትትል የተሠራ ልምምድና ፈተና ይጠይቃሉ። በማስተርስ የሚያማክሩም አሉ፣ የእነሱ ፈቃድም ትምህርትም ለብቻው ነው።

ሻጮቹ ይህን አያውቁም? አሳምረው! ከ2020 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ የፌዴራል ደንብ፣ ፕሮግራሙ የየትኛውን ግዛት የፈቃድ መስፈርት እንደሚያሟላ ትምህርት ቤቱ እንዲገልጽ ያስገድዳል። አብሮ አደጌ ያንን ገጽ ያየው ከተመረቀ በኋላ ነው። በየሳምንቱ እየደወለች "መቼ ነው የምትመዘገበው?" ስትለው የነበረችው ሠራተኛ አንድም ቀን አላነሳችለትም።

ልትመዘገቡ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ የግዛታችሁን ፈቃድ ሰጪ ቦርድ ጠይቁ። የትምህርት ቤቱን መልስ ደግሞ በስልክ ሳይሆን በኢሜይል ተቀበሉ።