በአንዲት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ስንት ትምህርት አለ?



በብዙዎቻችን ቤት የተለመደ ንግግር አለ። ልጅ ደብተሩ ላይ ሐረግ ሲስል ከተገኘ «ይህን ተውና ሒሳብህን አጥና» ይባላል። ሒሳብ የሚወደውን ደግሞ «እጁ ምንም ሥራ አያውቅም» እንለዋለን። እኛም ለልጆቻችን እንዲህ ስንል ቆይተናል። ለመሆኑ ዕውቀትና የእጅ ጥበብ ይህን ያህል የተራራቁ ናቸውን?

መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻንም። ለፈጅር ሶላት ውዱእ የምናደርግባትን ማንቆርቆሪያ እንመልከት። ውሃ የሚወርድበት አንገቷ ቀጠን ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ለዓይንም ያምራል። ነገር ግን ለማማር ብቻ አልተሠራም። በተገናኙ ዕቃዎች ውስጥ ያለ ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ስለዚህ የአንገቷ ጫፍ ከአፏ ዝቅ ቢል ኖሮ፣ ሞልተን ባስቀመጥናት ቁጥር ውሃው ማንም ሳይነካት ይፈስ ነበር። ቅጥነቱም ውሃው በልክ እንዲወርድ ያደርጋል።

ይህ ልክ ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሙድ ማለት መካከለኛ ሰው ሁለት እጆቹን ገጥሞ የሚያፍሰው መጠን ነው። ቧንቧ ከፍተን ስንት ሙድ እንደምናባክን እስቲ እናስብ! ያቺ ቀጭን አንገት ውበትም፣ ሳይንስም፣ ከኢስራፍ መጠበቂያም ናት።

የቀድሞ ሊቃውንቶቻችን ይህን ጉዳይ በሚገባ ተረድተውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ940 የተወለዱትና በባግዳድ የሠሩት የሒሳብ ሊቅ አቡል ወፋ አል-ቡዝጃኒ፣ ለእጅ ባለሙያዎች የሚያስፈልገውን ጂኦሜትሪ የሚያስተምር መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚሁ መጽሐፍ ሊቃውንትና ባለሙያዎች አብረው የተገኙበትን ስብሰባ ያወሳሉ። ጥያቄው «ሦስት እኩል ካሬዎችን ቆራርጦ አንድ ትልቅ ካሬ እንዴት ይሠራል?» የሚል ነበር። ሊቃውንቱ ማስረጃውን ያውቃሉ፤ መቁረጡን ግን አልለመዱም። ባለሙያዎቹ ቆርጠው ይገጥማሉ፤ ለዓይን ትክክል ይመስላል፤ በማስረጃ ሲፈተን ግን ስሕተት ሆኖ ይገኛል።

አቡል ወፋ ያቀረቡት ዘዴ ሁለቱንም ወገን የሚያስታርቅ ነው። ሁለቱን ካሬዎች ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ለሁለት ለሁለት እንከፍላለን። የተገኙትን አራት ሦስት ማዕዘኖች ረጅም ጎናቸውን ከሦስተኛው ካሬ ጎኖች ጋር እናጋጥማለን፤ እያንዳንዱም ከካሬው አንድ ማዕዘን ጀምሮ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እየዞሩ በሌላው በኩል አልፈው ይወጣሉ። ከዚያም የአራቱን ሦስት ማዕዘኖች ቀጥ ያሉ ማዕዘኖች በመስመር እናገናኛለን። ከመስመሩ ውጭ የቀረውን ቆርጠን ክፍተቱን ስንሞላ ትልቁ ካሬ ይገኛል፤ ምንም አይተርፍም፣ ምንም አይጎድልም።

ወላጆች ሆይ! በዚህ ሳምንት ወረቀትና መቀስ ይዘን ከልጆቻችን ጋር እንሞክረው። ሒሳብ የሚወደው ለምን እንደሚገጥም ያስረዳ፤ እጁ የተባ ይቁረጥ፤ ከዚያም ቦታ ይለዋወጡ። ያን ጊዜ አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ መሆኑን ያለ ምክር ይረዱታል። «ይህን ተው» ከማለታችን በፊትም ልጁ በእጁ የያዘው የዕውቀት ግማሽ እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ ዕውቀትን፣ ያማረ ሥራንም ይወፍቀን። አሚን።