ከዝባድ ንግድ የተገኘ ትምህርትና የዓለም ጤና ተማሪዎች

የኢትዮጵያ ነጋዴ ከጥርኝ የሚገኘውን ዝባድ በከብት ቀንድ እያሸገ ለውጭ አገር ሽቶ ሠሪዎች ሲሸጥ ረዥም ዘመን ኖሯል፤ በዚህም ንግድ ኢትዮጵያ የዓለም ዋነኛ አቅራቢ ሆና ቆይታለች። ይሁን እንጂ ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ለዝባድ ሽታውን የሚሰጠው ንጥረ ነገር ከምን እንደ ተዋቀረ ከገለጠ በኋላ፥ በፋብሪካ የሚሠራው ምትክ ቀስ በቀስ ገበያውን ወሰደው። የፈረንሳዩ ሽቶ ቤት ሻኔልም በ1998 የተፈጥሮውን ዝባድ መተዉን አስታወቀ። የዕቃው ዕጣ የተቆረጠው በጅማ ገበያ ሳይሆን በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር።

ዛሬ ደግሞ ሲንቴቲክ ባዮሎጂ የሚባል ጥበብ ተነሥቷል። ይኸውም እርሾንና ባክቴሪያን የመሰሉ ጥቃቅን ሕያዋን የዘረ መላቸው ጽሑፍ ተለውጦ ወይም እንደ አዲስ ተጽፎ፥ ሰው የሚሻውን ዕቃ እንዲሠሩ የማድረግ ሥራ ነው። መንገዱ የተጠረገው ቀደም ብሎ ነው፤ በባክቴሪያ የተሠራው ኢንሱሊን ለስኳር ሕመምተኞች በአሜሪካ መሸጥ የተፈቀደው በ1982 ነበር። ብዙ ባለ ሱቆች ሳያውቁት የሚሸጡት የልብስ ሳሙና ዱቄትም በውስጡ ያለው ቆሻሻ የሚያስለቅቅ ኢንዛይም በአብዛኛው ከእንዲህ ያሉ ተሕዋስያን የተገኘ ነው። በ2021 የፊንላንድ የምርምር ድርጅት ቪ.ቲ.ቲ. የቡና ተክል ሕዋሳትን በጋን ውስጥ አራብቶ፥ ቆልቶና አፍልቶ ማቅረቡን ገለጠ። ቡና ላኪ የሆነ ሰው ይህን ወሬ እንደ ቀልድ ሊያልፈው አይገባም።

ሊደነግጥበትም አይገባም። የወባ መድኃኒት የሆነው አርቴሚሲኒን በእርሾ አማካይነት በፋብሪካ እንዲሠራ የሳኖፊ ኩባንያ በ2013 ሥራ ቢጀምርም፥ ገበሬ ከተክሉ የሚያመርተው በዋጋ ረክሶ ስለ ተገኘ በ2015 ፋብሪካው ምንም ሳያመርት ቀርቷል። የትኛው ዕቃ እንደሚሸነፍ፥ የትኛውም እንደሚጸና ለመለየት ግን ነገሩን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለውንም ሰው ከባሕር ማዶ እንደ ጨርቅ ጥቅል ማስመጣት አይቻልም።

ይህ ሁሉ ከቆቃ አልፎ ከመቂ በፊት ባለችው በዓለም ጤና ላሉ ነጋዴዎች ምን ያደርጋል የሚል ይኖር ይሆናል። በስምጥ ሸለቆ መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ኑሮ ከሕያው ነገር ጋር የተሳሰረ ነው፤ የመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት፥ የሞጆ ቆዳ፥ የባቱ አበባ፥ የወንጂ ስኳር ሁሉም ይህ ጥበብ ሊነካቸው የሚችሉ ናቸው። ቆዳን ማለስለሻው እንኳ ኢንዛይም ነው። ታዲያ የነዚህ ነጋዴዎች ልጆች በመጽሐፍ ላይ ካለው ሥዕል በቀር ሕዋስን አይተው ሳያውቁ ትምህርታቸውን ሊፈጽሙ ነውን?

በሌላ አገር የሚደረገውን መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ በኤም.አይ.ቲ. በ2003 እንደ አጭር ትምህርት የተጀመረው አይጄም የተባለው የተማሪዎች ውድድር በ2004 በአምስት ቡድኖች ብቻ ተከፍቶ፥ ዛሬ ከብዙ አገሮች የሚመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጭምር የሚወዳደሩበት ሆኗል። በኢትዮጵያም መሠረቱ የለም አይባልም። በቢሾፍቱ በ2009 የተከፈተው የፎቃ ማዕከል የአካባቢውን ተማሪዎች በሳይንስና በምሕንድስና ያሠለጥናል፤ በአዳማም የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። የጐደለው ዕውቀቱን ከአዳማ እስከ ዓለም ጤና የሚያደርስ ነው።

አንዳንዶች በቅድሚያ ወንበርና መጽሐፍ ይሟላ ይላሉ፤ እውነትም አላቸው። ሌሎች ደግሞ የፈጣሪን ሥራ መነካካት ነው ብለው ይሠጋሉ። ሥጋቱ የሚናቅ አይደለም፤ መንግሥትም የደኅንነተ ሕይወት አዋጅን በ2001 ዓ.ም. አውጥቶ በ2007 ዓ.ም. ያሻሻለው፥ በ2010 ዓ.ም. የቢቲ ጥጥ እንዲዘራ ሲፈቀድም ብዙ ክርክር የተነሣው ነገሩ ከባድ ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን የሚቃወምም የሚደግፍም ሰው አስቀድሞ የሚከራከርበትን ነገር ማየት አለበት።

ለማየት ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሽንኩርት ደቅቆ ጨውና ፈሳሽ ሳሙና በገባበት ውሃ ታሽቶ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። በጠለለው ላይ የቀዘቀዘ ጠንካራ አልኮል በጎን በኩል ቀስ ተብሎ ሲፈስስበት፥ ነጭ ክር የመሰለ ነገር እየተጠመጠመ ወደ ላይ ይወጣል፤ ይህም የሽንኩርቱ ዘረ መል የተጻፈበት ዲኤንኤ ነው። በሣንቲም የሚገመት ሥራ ቢሆንም አንድ ልጅ ይህን በገዛ እጁ ካወጣ በኋላ እናቱ ለእንጀራ የምታስቀምጠውን እርሾ እንደ ቀድሞው አያየውም።

እንግዲህ በወር አንድ ቅዳሜ ከዩኒቨርሲቲው አንድ መምህር ወደ ዓለም ጤና ትምህርት ቤት ቢመጣ፥ ሽንኩርቱን የአትክልት ነጋዴው፥ ጨውና ሳሙናውን ባለ ሱቁ፥ አልኮሉን ባለ መድኃኒት ቤቱ ሊሰጡ ይችላሉ። የሚቀረው የመምህሩ መሳፈሪያ ነው፤ ለዚህም አዳማ ሽንኩርት አራግፎ ባዶውን የሚመለስ የጭነት መኪና ባለቤት ከሾፌሩ አጠገብ አንድ መቀመጫ አያጣም።