ከንፈር መምጠጥ ቤት አይጠርግም!

ዛሬ ስለ ፍቅር ሳይሆን ስለ መጥረጊያና ስለ መወልወያ ልናወጋ ነው። "ኤጭ! ይኼ ደግሞ ምን ይወጣዋል?" ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ እንዳትቸኩሉ። ጉዳዩ ጓደኛማቾችን ሲያራርቅ፣ ሰውን በገዛ ቤቱ ሲያስረው በዓይኔ ስላየሁ ነው ያመጣሁላችሁ።

አንዲት ጓደኛ አለችን። ሠላሳ ልትሞላ ጥቂት የቀራት፣ ሳቂታና ቡና ወዳድ ልጅ ናት። የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻዋን ነው። ድሮ ቅዳሜ ከሰዓት የሁላችንም መሰብሰቢያ የእሷ ቤት ነበር። ቡናው፣ ፈንዲሻው፣ ሳቁ... በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። "ዛሬ ቤት አልገኝም"፣ "እንግዳ አለብኝ"፣ "ካፌ ብንገናኝስ?" ማብዛት ጀመረች። እኛ ደግሞ ምን ብለን ብናማት ጥሩ ነው? "ሰው ገብቶላታል!" አልን። የደበቀችው ወንድ ባይኖር በሯን ምን ያስዘጋታል?

አንድ ቀን አብረን ስንመለስ ዝናብ አባረረንና እነሱ ብሎክ ሥር ተጠለልን። ዝናቡ አላባራ ሲል "ለምን ወደ ላይ አንወጣም?" አልኳት። ዝም አለች። ደረጃውን እየቆመች፣ እያረፈች ወጣች። በሩ ጋ ስንደርስ ቁልፉን እንደያዘች ቀረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"እንዳይሳቅብኝ" አለችና ከፈተችው።

ወንድ የለም፣ እናንተዬ! የደበቀችው አቧራ ነበር። ወለሉ ጫማ ይይዛል። ወንበሩ ላይ ልብስ ተከምሯል። የመታጠቢያው ሳህን በድስትና በብርጭቆ ሞልቷል። ከአልጋው ሥር ያለውን እንኳ ተዉት! ባዶ ጀሪካኖች በር ሥር ተደርድረዋል፤ ውኃ በመጣ ቀን ሞልቶ የሚያነሳላት የለማ!

ለካስ ከዓመት በፊት ወገቧን አሟት ሐኪም ዘንድ ሄዳ ኖሯል። "የዲስክ መንሸራተት ነው" ተባለች። ጎንበስ እያሉ መሥራትና ከባድ ነገር ማንሳት ተከለከለች። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ቆማ ስትሄድ ብታዩዋት ምንም አትመስልም። ፀጉሯን ተሠርታ፣ ተኳኩላ ሥራ ትገባለች። ማታ ቤቷ ስትደርስ ግን ጫማዋን ለማውለቅ እንኳ ግድግዳ መደገፍ አለባት። ይህን የማያውቅ ሰው ቤቷን ቢያይ "ሰነፍ ናት!" ነው የሚለው። "ሴት ልጅ ሆና..." የሚለውማ አይቀርላትም። ስለዚህ በሯን ዘጋች።

እኔስ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ከንፈሬን መጠጥኩ። "ምጽ! አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ" አልኩ። ሻይ ጠጥቼ፣ ዝናቡ ሲያባራ ውልቅ! ከሦስት ሳምንት በኋላ ስንገናኝ ሳትቆጣ፣ ረጋ ብላ ነገረችኝ። "ያን ቀን ከንፈር ተመጠጠልኝ፤ ወለሉ ግን እንደነበረ ነው" አለችኝ። አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ።

ሌላም ሰው አውቃለሁ። ወጣት ወንድ ነው፤ መኪና ገጭቶት በክራንች ይሄዳል። አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። የእሱ ችግር የሚታይ ስለሆነ "ሰነፍ" የሚለው የለም። የግቢው ሰው ሁሉ "ወይኔ ልጄን!" ብሎ ተንሰፈሰፈለት። የመጀመሪያውን ሳምንት ተራ ገብተው ጠረጉለት። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሁለት ሰው ቀረ። በሦስተኛው ማንም የለም። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሁሉም የየራሱ ኑሮ አለበት። ከዚህ የባሰው ደግሞ በሚጠርጉለት ጊዜም አለመመቸቱ ነበር። አልጋውን ያዞሩታል፣ ክራንቹን ከአጠገቡ አንስተው ጥግ ያስቀምጡታል፣ መሄጃው ላይ ወንበር ይደቅናሉ። እሱ ደግሞ "በነፃ የሚያገለግለኝን ሰው እንዴት ብዬ እዚህ ጋ ተዉት እላለሁ?" ብሎ ይተክናል።

አያችሁልኝ? አንዷን ወቀሳ ፈርታ፣ አንዱን ደግሞ ይሉኝታ ይዞት፣ ሁለቱም በአቧራ ውስጥ ኖሩ። ከሁለቱ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ቤት ማጽዳት ሥራ ነው። ሥራ ደግሞ ቀን አለው፣ ልክ አለው፣ ዋጋ አለው። በርኅራኄ ብቻ የመጣ ሰው ርኅራኄው ሲያልቅ ይቀራል። በስምምነት የመጣ ሰው ግን ቀጠሮውን ያከብራል፤ እናንተም አፋችሁን ሞልታችሁ "እዚህ ጋ አልጸዳም" ትላላችሁ። እንዲህ ዓይነት ችግር ላለባችሁ ወጣቶች የምመክረው እነሆ።

አንድ፦ ከራሳችሁ ጋር ተነጋገሩ። ወረቀት ያዙና ለሁለት ክፈሉት። በአንድ በኩል የምትችሉትን፣ በሌላው የማትችሉትን ጻፉ። "ምንም አልችልም" ማለትም "ሁሉንም እችላለሁ" ማለትም ሁለቱም ውሸት ነው። የእኛ ጓደኛ ስትጽፈው የማትችለው አራት ነገር ብቻ ሆኖ ተገኘ፦ ቁጢጥ ብሎ ወለል ማሸት፣ ጀሪካን ማንሳት፣ ከአልጋ ሥር መጥረግና አንሶላ ማጠብ። ልብስ ማጣጠፉን፣ ጠረጴዛ መወልወሉን፣ ዕቃ ማጠቡን አረፍ እያለች ትሠራዋለች። ተራራ የመሰላት ነገር አራት መስመር ሆነ!

ሁለት፦ ቤታችሁን ለአካላችሁ አስማሙት። የየቀኑ ዕቃ ከወገብ በታችም ከትከሻ በላይም አይቀመጥ። አጭሩን መጥረጊያ ተዉትና እጀታው ረጅም የሆነውን ያዙ፤ ማፈሻውም ባለረጅም እጀታ አለላችሁ። ባልዲውን ግማሽ ብቻ ሙሉት። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ሃያ ኪሎ መሆኑን አትርሱ፤ በአምስት ሊትር ጀሪካን መከፋፈል ወገብ ያድናል። የቆማችሁበት ሥራ ሁሉ በርጩማ ላይ ተቀምጣችሁ ይሠራ እንደሆነ ሞክሩት። ሁሉንም ቅዳሜ ቀን ከምትጨርሱ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይሻላል።

ሦስት፦ ሠራተኛ ያዙ፤ ግን ተስማምታችሁ። በአንድ ክፍል ቤት አዳሪ ሠራተኛ አያስፈልግም፤ ማስቀመጫውም የለ! ተመላላሽ በቂ ናት። በሳምንት አንዴ፣ አቅም ካጠረ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ። ደላላ ጋ ከመሮጣችሁ በፊት ጎረቤትንና የግቢውን ጥበቃ ጠይቁ፤ ታች ፎቅ የምታጥብ የታወቀች ሴት አትጠፋም። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፦ በየትኛው ቀን? ከስንት እስከ ስንት ሰዓት? የትኛው ሥራ? ስንት ብር? ምሳና ትራንስፖርት በማን? ያቺን የአራት መስመር ወረቀት አሳይዋት። የመታወቂያዋን ኮፒና የተያዥ ስልክ መጠየቅ ነውር አይደለም። እሷም ስለ እናንተ ብትጠይቅ ነውር አይደለም። በተለይ ወንደላጤ ከሆናችሁ በመጀመሪያው ቀን ጎረቤት እንዲያውቅ ማድረግ ለሁለታችሁም ይበጃል።

አራት፦ ቁጭ ብላችሁ ማዘዝን አትፈሩት፤ ግን አታሳብቡበት። ባለክራንቹ ልጅ "እኔ ወንበር ላይ ተጎልቼ የእናቴ እኩያ ስትወለውል ማየት ያሳፍረኛል" ይለኝ ነበር። አንተ ላይ ያለው ችግር የእሷ የእንጀራ ቀን ነው፤ ምን ያሳፍራል? አሳፋሪው በተባለው ቀን አለመክፈል ነው። አሳፋሪው በሕመማችሁ የተናደዳችሁትን በእሷ ላይ መወጣት ነው። እሷም ወገብ አላት! እንድትወለውል ባለረጅም እጀታውን ስጧት፤ ቁጢጥ በይ አትበሏት። በዕድሜ ከበለጠችም "አንቱ" ይገባታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለትርፍ ያልሆነ የቤት ውስጥ የግል አገልግሎትን ከሽፋኑ ውጪ አድርጎ፣ የሥራ ሁኔታውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ብሎ ነው የወጣው። የፋብሪካ ሠራተኛ በአዋጁ የምታገኘውን የቤት ሠራተኛ በዚያው አዋጅ አታገኘውም ማለት ነው። ስለዚህ እናንተው በቃላችሁ ፍትሐዊ ሁኑ። "አቅም የለኝም" ስትሉ የምትጠይቁትን ፍትሕ ለሌላው አትንፈጉ።

አምስት፦ በረኪናን አክብሩት። ወለል ቶሎ እንዲነጣ ብሎ በረኪናን ከአሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር የሚቀላቅል ሰው አለ። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፤ ሳንባ ያቃጥላል። በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ ሮጦ መውጣት ለማይችል ሰው ደግሞ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። መስኮት ይከፈት፣ አንዱ ከሌላው ጋር አይደባለቅ። በቃ!

ስድስት፦ "ብር ከየት ይምጣ?" ለምትሉ። እውነት ነው፣ ሁሉም ሰው ሠራተኛ መቅጠር አይችልም። አገር ቤት ግን ገበሬው መፍትሔውን ካገኘው ቆይቷል። ወንፈል ይባላል። ዛሬ ተሰብስበን ያንተን ማሳ እናርማለን፣ በሚቀጥለው ተራ የእኔን። ማንም ለማንም አልመጸወተም፤ ሁሉም ይከፍላል፣ በጉልበቱ። እኛስ ከተማ ስለገባን ረሳነው? ወገባችሁ እንጂ ጭንቅላታችሁ አልታመመ። የጎረቤትን ልጅ ሒሳብ ማስጠናት፣ ሲቪ መጻፍ፣ ልብስ መጥቀም፣ ወጥ መሥራት ይቻላል። ጎረቤታችሁ ወለሉን ትወልውል፣ እናንተ ልጇን አስጠኑ። ከንፈር ሳይሆን ወንፈል!

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ፣ ወደ ጤነኞቹ። "ምነው ብትነግሪኝ ኖሮ!" የምትሉትን ነገር ተዉት። የታመመ ሰው ሁለት ሸክም አለበት፤ አንዱ ሕመሙ፣ ሁለተኛው መለመኑ። ሁለተኛውን አቅልሉለት። "የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ደውዪ" ከማለት "ቅዳሜ ሦስት ሰዓት መጥቼ ወለሉን ልወልውል ወይስ ውኃውን ልሙላ?" በሉ። ስትመጡም እንደ ባለቤት አትሁኑ። ዕቃ ካነሳችሁ እነበረበት መልሱት። ዓይነ ስውር ጓደኛ ካላችሁማ ይሄ ሕግ ነው፤ ለእናንተ "ያማረ" ቦታ ለእሱ የጠፋ ዕቃ ነው። በክራንች ወይም በዊልቸር ለሚሄድ ደግሞ መሄጃው ላይ የተተወች ባልዲና እርጥብ ወለል መውደቂያው ናቸው።

እንደው ለነገሩ ጥፋቱ የእኛ ብቻም አይደለም። ቀደም ብለው የተሠሩት ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች ሊፍት የሚባል ነገር አያውቁም። የ2001 ዓ.ም.ቱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲደግፍ ይላል። መልካም ነው! ግን አቅሙ እስኪፈቅድ ድረስ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ልጅ ወለሏ መጽዳት አለበት።

ባለክራንቹ ልጅ በመጨረሻ ሠራተኛ ያዘ። አከራዩ ግን "እኛ እያለን ባዳ ታስገባለህ?" ብለው አኩርፈውታል። "እማማ፣ እርስዎን ለደስታዬም ለሐዘኔም እፈልግዎታለሁ፤ ለወለሉ ሰው ይዣለሁ" እንዲላቸው መክሬዋለሁ። ይበል አይበል፣ ገና አልነገረኝም።

ጓደኛችን በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ተመላላሽ ትመጣላታለች። በመሀሉ ባለው ቅዳሜ ደግሞ እኛ ተራ ገብተናል። ወገቧ አልዳነም፤ አንዳንድ ሳምንት ከአልጋ አትወርድም። ቡናው ግን ተመልሷል። የእኔ ተራ ሲደርስ ወለሉን እወለውላለሁ፣ ጀሪካኖቹን እሞላለሁ። እሷ ደግሞ ወንፈሏን ትመልሳለች፤ በእጅ የጻፍኩትን በኮምፒውተር ትለቅምልኛለች። ይኼን የምታነቡትንም አረፍ እያለች የለቀመችው እሷ ናት። "ስሜ እንዳይወጣ እንጂ ይጻፍ" ብላለች።

ለዛሬው በዚሁ ይብቃን። በሩን የዘጋ ጓደኛ ካላችሁ ከማማታችሁ በፊት አንኳኩ። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!