ረጅም ካዝና ጀግና አያደርግም

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከካዝናው እንጀምር። ካዝና ጥይት የሚደረደርበት የመሣሪያው ሆድ ነው፤ ካርታ የሚለውም አለ። በየስልኩ የሚዞረውን ፎቶ አይታችሁታል። ከእጀታው ሥር አንድ ስንዝር ያህል የወጣ ካዝና የተሰካበት ሽጉጥ፣ ከኋላው ፊቱን ያኮሳተረ ወጣት። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከከተማው እስከ ገጠሩ ቀበሌ፣ የካዝና ርዝመት የወንድነት መለኪያ እየሆነ መጥቷል። ሰርግ ቤት ደርሶ አንዱን ካዝና ወደ ሰማይ ያራገፈ "ጎበዝ" ይባላል፤ እልልታውም ይቀልጥለታል።

እኔ ግን ይህን ጉብዝና አልለውም። ተኩስን ሙያ ያደረጉ ሰዎች ካዝና የሚመርጡት በሚሊ ሜትር ለክተው፣ በዳኛ ፊት አስመርምረው ነው። የኛ ችግር መለኪያውን ትተን ካዝናውን ብቻ መውሰዳችን ነው።

ተግባራዊ ተኩስ የሚባል ስፖርት አለ። ተወዳዳሪው ሽጉጥ ይዞ ከቦታ ቦታ እየሮጠ ኢላማዎችን ይመታል፤ ያገኘው ነጥብ ለፈጀበት ሰዓት ይካፈላል። ካዝና ለመቀየር የሚባክን አንድ ሰከንድ ደረጃ ያስለውጣል። ታዲያ ሁሉም የፈለገውን ያህል አስረዝሞ ለምን አይመጣም? ደንቡ አይፈቅድማ! በአሜሪካው ማኅበር፣ በዩኤስፒኤስኤ፣ "ሊሚትድ" በሚባለው ምድብ ካዝናው ከ141.25 ሚሊ ሜትር ማለፍ አይችልም። ልቅ በሚባለው "ኦፕን" ምድብ እንኳ ጣሪያው 171.25 ነው። ዓለም አቀፉ ኮንፌዴሬሽን አይፒኤስሲ ደግሞ በ"ፕሮዳክሽን" ምድብ ውድድሩ ሲጀመር ካዝናው ውስጥ ከ15 ጥይት በላይ እንዳይኖር ከልክሏል። በ"ስታንዳርድ" ምድብ ሽጉጡ ከነካዝናው 225 በ150 በ45 ሚሊ ሜትር የሆነች ሳጥን ውስጥ መግባት አለበት። ከምድብህ ልክ ካለፍክ ወደ ኦፕን ትዛወራለህ። የኦፕንንም ልክ ካለፍክ መተኮሱን ትተኩሳለህ፤ ነጥብ ግን የለህም።

ስለዚህ ካዝና የሚመርጥ ተወዳዳሪ "ስንት ይይዛል?" ብሎ አይጀምርም። መጀመሪያ የሚወዳደርበትን ምድብ ይለያል። ቀጥሎ የታችኛው ክዳን ሲገጠምለት በመለኪያው ማለፉን ያያል። ስፕሪንጉ የመጨረሻዋን ጥይት እስኪያወጣ ጉልበት እንዳለው፣ አሸዋ ላይ ወድቆ ሲነሳም እንደሚሠራ ይፈትናል። ካዝናዎቹ ላይ ቁጥር ይጽፋል፤ ጥይት የነከሰውን ለይቶ ያወጣል። 30 ይዞ በ12ኛው ላይ የሚነክስ ካዝና፣ 15 ይዞ 15ቱንም የሚያጎርሰውን አያህልም።

በኦሊምፒክማ ነገሩ ይብሳል። በ25 ሜትር ፈጣን የሽጉጥ ተኩስ ተወዳዳሪው በአንድ ዙር አምስት ጥይት ብቻ ነው ያለው። አምስቱን በአምስት ኢላማ ላይ አንድ አንድ ያሳርፋል፤ መጀመሪያ በ8፣ ቀጥሎ በ6፣ በመጨረሻም በ4 ሰከንድ። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያገኘቻቸው የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች በሙሉ የአትሌቲክስ ናቸው። ይህን ሁሉ ተኩሰን ከተኩስ አንድም የለንም።

"ትንሽ ቢበልጥ ምን ያመጣል?" የሚል ካለ ደራራ ሁሪሳን ያስታውስ። መስከረም 2 ቀን 2014 የቪየናን ማራቶን በ2:09:22 አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ከዚያ ጫማው ተለካ። የሶሉ ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር፤ የሚፈቀደው 4። ድሉ ለኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ። አንጀታችን ቢያርም ደንብ ደንብ ነው። 42 ኪሎ ሜትር የሮጠ ጉልበት ካላመለጠ፣ ካዝና ከመለኪያ ለምን ያመልጣል?

"ይሄ የፈረንጅ ወግ ነው" የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም፤ የራሳችን ወግ ነው የጠፋብን። የአያቶቻችን ውጅግራ አንድ ጎርሶ አንድ የሚተፋ ነበር። ምንሽርም ቢሆን የሚጎርሰው አምስት ነው። አማርኛችን ራሱ የሚያሞግሰው አልሞ ተኳሽን ነው፤ "አብዝቶ ተኳሽ" የሚባል ማዕረግ ማን ሰምቶ ያውቃል? በየካቲት 1933 ጣልያን የቡሬን ምሽግ ለቆ በደንበጫ በኩል ሲያፈገፍግ፣ ከፊቱ የነበረው የዊንጌት ጊዲዮን ጦር 2,000 ገደማ ሰው ቢሆን ነው። ጠላት በሰውም በጥይትም ይበልጠው ነበር። ያን ምሽግ ያስለቀቀው የአርበኛው ልብና የጦሩ ብልሃት እንጂ የጥይት ብዛት አልነበረም።

ደግሞስ ወደ ሰማይ የተተኮሰው የት ይደርሳል? ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከአፈሙዝ የወጣው ግን ተመልሶ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. 2003 አልቆ 2004 ሲገባ፣ በፖርቶ ሪኮ ለአዲስ ዓመት ደስታ በተተኮሰ ጥይት 19 ሰዎች ተመትተው አንዱ መሞቱን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መዝግቧል። እነሱ ቆጠሩት። እኛ ጋ ጥይቱ የማን ጣሪያ ላይ፣ የማን ልጅ ላይ እንደወረደ የሚቆጥር ማን ነው?

ከባዱ ተቃውሞ ግን ይህ ነው፦ "ነሐሴ 7 ቀን 2015 ፍኖተ ሰላም ከአየር ተመትታ፣ ቢያንስ 26 ሰው መሞቱን የሆስፒታል ኃላፊ ለሮይተርስ በተናገረበት አገር አንተ ስለ ስፖርትና ስለ ሚሊ ሜትር ታወራለህ?" አዎ፣ አወራለሁ። ሐዘኑ የሁላችንም ነው። ግን ጦርነት አንድ ቀን ያበቃል፤ መሣሪያው ከየቤቱ አብሮ አይተንም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ በፈቃድ እንዲያዝ ደንግጓል። ወረቀት ግን ሰርግ ዳስ ውስጥ ገብቶ የሰከረን እጅ አይዝም።

ከስፖርቱ ልንወስደው የሚገባው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። እዚያ ዳኛው "አቁም" ሲል ጣት ከቃታው ይነሳል። ሽጉጡን የጣለ፣ አፈሙዙን ከተፈቀደው አቅጣጫ ያዞረ፣ ሻምፒዮንም ቢሆን በዚያው ቅጽበት ከውድድር ይባረራል። መሣሪያ የያዘ ሰው መሣሪያ ላልያዘ ሰው ቃል ይታዘዛል ማለት ነው። ሥልጣኔ ከዚህ ሌላ ምን አለው? በኛ ሰርግ ግን ዳኛው ማን ነው? ሽማግሌው አንገቱን ደፍቶ ዝም ካለ፣ ባለ ሰርጉ "እንግዳዬን አላስቀይምም" ካለ፣ ዳኝነቱ በጥይቱ እጅ ገባ።

ስለዚህ ለሦስት ወገን እናገራለሁ። ባለ ሰርጎች፣ ጥር ሳይገባ ከጠሪያችሁ ጋር "መሣሪያ ይዞ የሚመጣ አይምጣ" የሚል ቃል ላኩ፤ ቅር የሚለው ይቀየም። ሽማግሌዎች፣ ካዝና ያራገፈውን አትመርቁት፤ ምርቃታችሁን ስትነፍጉት ያን ጊዜ ይገባዋል። አንተ ወንድሜ ደግሞ፣ በሬ ሸጠህ ረጅም ካዝና ከመግዛትህ በፊት አንድ ጥያቄ መልስልኝ፦ በየትኛው ምድብ ልትወዳደርበት ነው? ምድብ ከሌለህ፣ መለኪያ ከሌለህ፣ ዳኛ ከሌለህ፣ የያዝከው የስፖርት ዕቃ አይደለም፤ የሙያ ምልክትም አይደለም። የጎረቤትህን ጣሪያ የሚጠብቅ የብረት ዝናብ ነው።

ሰላም ሲወርድ መተኮስ የሚወድ ልጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ቦታ ይከለልለት፣ ደንብ ይጻፍለት፣ መለኪያ የያዘ ዳኛ ይቁምለት። አምስት ጥይት ይሰጠው። አምስቱን ካሳረፈ እኔም ቆሜ አጨበጭብለታለሁ።